አንበሳ የሚሉት ፈሪ

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1976

ቢሮ ዋልኩ። የስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጦ "ሃሎ... ማን ልበል?" ማለት። አለቆቹ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሁሌም ስብሰባ ላይ ናቸው። ደዋዩ ደግሞ የሚቆጣው እኔን። ይቆጣ። ፊቱን አላየው፣ ፊቴን አያየኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ ሥራ የቆየሁት ሰው በሽቦ ሲመጣ ስለሚሻል ነው።

ስመለስ የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰልፍ። ቆምኩ። ማሚቴ ከፊቴ። አጥር ለአጥር ነን፣ ያም አልበቃ ብሎ ሰልፍ ላይም ታገኘኛለች። አፏ አያርፍም። የዛሬው ወሬዋ የወልዱ ውሻ ነው።

"እንቅልፍ ነሳን እኮ! ድንጋይ የሚያቀምሰው አንድ ወንድ ይጥፋ?"

ሰልፈኛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለምን ይጮሃል ብሎ የጠየቀ የለም።

እኔም አልጠየቅኩም። ግን አውቃለሁ። ያ መካኒክ ወልዱ አሰብ ተዛወርኩ ብሎ ባለፈው ሳምንት ዕቃውን ጭኖ ሄደ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ያረጀ ጎማ፣ ቀዳዳ ባልዲ ሳይቀር። ውሻውን ከጓሮዬ ጀርባ በሽቦ እንዳሰረው ትቶት ሄደ። የሰውየው ሚዛን ይኸው... ውሻው ከቀዳዳ ባልዲ ያንሳል።

ስኳሩ ተራዬ ሳይደርስ አለቀ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8

ቀበሌ ሄድኩ። ስለሺን አነጋገርኩ። የጤናና ጽዳት ኮሚቴ ኃላፊ ነው አሉ፤ ትናንት የሰው ግድግዳ ላይ ኳስ ሲመታ የነበረ ልጅ።

"ጓድ አፀደ፣ ቤቱ የመንግሥት ነው። አዲስ ተከራይ እስኪመደብ ማንም አይገባበትም።"

"ውሻው ግን ውስጥ ነው።"

"ውሻው ንብረት ነው ወይስ አይደለም የሚለው በኮሚቴ ይታያል።"

"መቼ?"

"ኮሚቴው ሲሰበሰብ ነዋ።"

ካኪው በካውያ ቀጥ ብሏል። ጭንቅላቱም አብሮ የተተኮሰ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

ጠዋት መጮሁን አቆመ። ሰፈሩ ተመስገን አለ። ማሚቴ በአጥር በኩል፣ "እፎይ! ሞተ መሰለኝ" አለችኝ። ጨው እንደምታበድር ጎረቤት ፈገግ ብላ።

ጫማዬን አስሬ ለቢሮ ወጣሁ... በር ላይ ቆምኩ። ተመለስኩ። ፒንሳ ፈልጌ የአጥሩን ቆርቆሮ ነቀልኩና ገባሁ። በጠራራ ፀሐይ። ያሳስራል ካሉም ይሰሩኝ።

አልሞተም። ሽቦው አንገቱ ላይ ገብቷል፣ ሥጋው አብጦ ውጦታል። እጄን ሳነሳ ጋደም አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ምቱን ጠበቀ። መመታትን እንደ ወረፋ ተኝቶ የሚጠብቅ ፍጡር አይቼ አላውቅም።

ግድግዳው ላይ የመኪና ቺንጋ፣ የሞተር ቀበቶ፣ ተሰቅሏል። ጫፉ ተልጧል። ወልዱ ጋራዥ ውስጥ ብቻ አልነበረም ለካ የሚጠቀምበት።

ተሸክሜው ወጣሁ። የሚከብድ መስሎኝ ነበር።

እሑድ፣ ግንቦት 12

አልጋ ሥር ገብቷል። አይወጣም። ቁስሉን በጨው ውኃ ሳጥብለት አያጉረመርምም፣ አይነክስም፣ ይንቀጠቀጣል ብቻ።

ስሙ አንበሳ ነው። ወልዱ ሲሰክር "አንበሳ! አንበሳዬ!" እያለ ሲጠራው እሰማ ነበር። ዛሬ የጎረቤት ዶሮ ደጃፍ ላይ ብትቆም አንበሳ ምንጣፌ ላይ ሸና።

አልወደድኩትም። ቁስሉ ሲድን ለሚወስድ ሰው እሰጣለሁ። ማን ይወስዳል? ለሌባ የማይጮህ ውሻ... እሱም ለሰው አይሆን፣ ሰውም ለእሱ አይሆን።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 28

ከእጄ በላ። ዳቦ። ጣቴን ሳይነካ።

የማሚቴ ልጅ መዝገቡ ዛሬ ብሔራዊ ውትድርና ሄደ። አንድ ልጇ። ካሚዮኑ ሲነሳ ትልቁ ውሻቸው መቻል እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትሎ ሮጠ። ልጁ ከላይ ሆኖ፣ "እማዬ፣ መቻልን አደራ!" ሲል ሰማሁ። ማሚቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ድምፅ ሳታወጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 3

የቀበሌ ስብሰባ። ካልመጣሽ ስኳርም የለ፣ ጤፍም የለ። መጣሁ።

አጀንዳው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል። አጥር ሁሉ ይቀባል። ቀለሙን ማን ይገዛል? ሕዝቡ። ለማኝ ከመንገድ ይነሳል። ወዴት? አልተባለም። ቀጥሎ ውሻ።

ስለሺ ተነስቶ አነበበ። ውሻ ያለው ሁሉ ሐምሌ 21 ቅዳሜ ዊንጌት ትምህርት ቤት አጠገብ ካለው ሜዳ በገመድ ይዞ ይመጣል። ክትባት ይወጋና አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ይታሰርለታል። ባለቤቱ ራሱ መያዝ አለበት። ሰው መሀል የማይያዝ፣ የሚናከስ፣ ያልመጣ... ከነሐሴ ጀምሮ "ይወገዳል"። ይገደላል ማለት ከበዳቸው። ቃል እንኳ ካኪ አልብሰውታል።

ከዚያ ውሻ ያለው ይመዝገብ ተባለ። ተራዬ ደረሰ።

"የውሻው ስም?"

"አንበሳ።"

ስለሺ ብዕሩን አቆመ። ዘወር ዘወር አለ። "ጓድ አፀደ... ይኸ ስም ፊውዳላዊ ነው።"

"እኔ አላወጣሁለትም። ያወጣለት ሠርቶ አደር ነው።"

ከኋላ የሳቀ ነበር። ወዲያው አሳለው። ስለሺ "ውሻ" ብሎ ጻፈ።

ሳቁን ተውኩት። እቤት ገብቼ አልጋ ሥር ሳይ... ይህን ፍጥረት ከዚህ እስከ ዊንጌት? በአዲሱ ገበያ አቋርጬ? ሜዳ ሙሉ ሰውና ውሻ መሀል ቆሞ መርፌ ይወጋል? ዶሮ ያሸናችው?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5

ገመድ አሰርኩለት። እስከ በሩ።

በር ላይ ተኛ። ጎተትኩ። ተንፏቀቀ። ማሚቴ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች።

"አፀደ! ምነው? ፈረንጅ ሆንሽ እንዴ?"

"ላናፍሰው ብዬ ነው እትዬ ማሚቴ።"

"ውሻ ታናፍሻለሽ! ይህን ሳላይ ብሞት ይቆጨኝ ነበር። እናንተ! ኑ እዩ... አፀደ የውሻ ሞግዚት ሆናለች!"

ወጡ። አዩ። ሥራ ያለው ሰው ይህን ያህል አይፈጥንም።

ከበሩ አላለፍንም።

እሑድ፣ ሰኔ 10

እስከ ሸፊ ሱቅ ደረስን። መታጠፊያው ላይ። መንገዱን ሙሉ ግድግዳ ተለጥፎ ነው የሄደው። ሰው ባለፈ ቁጥር ይቆማል፣ ጅራቱ ሆዱ ሥር፣ እግሬ መሀል ለመግባት ይታገላል። ሰዉም ያውቅበታል። ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። አንዱ "ከስ!" ይላል። አንዱ እግሩን መሬት ላይ ይደበድባል። አንድ ጎልማሳ፣ ከረቫት ያሰረ፣ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ብሎ ታየኝ፤ ደግሞ ይስቃል። ከረቫት!

ሸፊ አልሳቀም። ውዱእ አድርጎ ለሶላት ሊነሳ ነበርና እጁን ከፍ አድርጎ አስቆመኝ።

"እትዬ አፀደ፣ እዚያው ሁኚልኝ። ታጥቤያለሁ... እሱ ከነካኝ እንደገና መታጠብ ነው።"

"እንሂድ እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣሽ። አትጠጊኝ እንጂ አትጥፊ።"

የምገዛውን ሳሙና ባንኮኒው ጫፍ ላይ አስቀምጦልኝ ገባ። ከሰፈሩ ሁሉ ውሻውን አልነካም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ከሰፈሩ ሁሉ ያልነካውም እሱ ብቻ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 27

መድኃኔ ዓለም። እረፍት ጠይቄ ቀረሁ። ሰው የሚበዛበት ቀን ነው፣ ይልመደው ብዬ በቀጨኔ ቁልቁለት በኩል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ርቄ፣ በታችኛው መንገድ ይዤው ወጣሁ። ግቢ እንደማይገባ አውቃለሁ። ክርስቲያን ነኝ፣ እብድ አይደለሁም።

ጭራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከላይ ሆነው ጮኹ።

"አንቺ ሴት! በዚህ ቀን! ታቦት ባለበት ርኩስ ትጎትቻለሽ!"

"መንገድ ላይ ነኝ አባቴ።"

"ልብሽ ነው የረከሰው!"

ነጭ በነጭ የለበሱ ሴቶች ዞረው አማተቡ። ከመሀላቸው አንዷ፣ ክርስቶስ ከከንፈሯ ሳይወርድ፣ የጃንጥላዋን ጫፍ ሰደደችና አንበሳን ጎኑን ወጋችው። ያላየችው መሰለች። እንዳየሁ አየች። ከዚያ ወደ መቅደሱ ዞራ እጅ ነሳች።

እሱ ምን አለ? ምንም። ተኛ። ዓይኑን ጨፈነ።

ይህ ነው የሚያናድደኝ። ለምን አትነክስም? አንዴ ብትነክስ ምን አለበት? አንተም እንደ እኔ...

ልተወው።

እሑድ፣ ሐምሌ 8

አዲሱ ገበያ። ከዊንጌት በፊት ይህን ካላለፈ ዋጋ የለውም ብዬ።

ዝናብ አባርቷል፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እስክንደርስ ደህና ነበር። ከዚያ ሽንኩርት በጆንያ የተሸከመ ወዛደር "ዞር በይ! ዞር በይ!" እያለ መጣ። እኔ ዞርኩ። አንበሳ ግን ሌላ ጎን ዞረ። ገመዱ በሰውዬው እግርና በእኔ እግር መሀል ተወጠረ። ቀጥሎ የማውቀው ጭቃ ውስጥ መሆኔን ነው። በፊቴ።

ሳቅ። እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ገበያው ሁሉ፣ ሻጩም ገዢውም ባንድ አፍ። አንድ ሆነን እንነሳ ሲባል በየስብሰባው ያልተገኘ አንድነት። የሆነ ሰው ድንጋይ ወረወረ። ለውሻው ነበር፣ ትከሻዬን አገኘኝ።

ተነሣሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ። ሃያ ዓመት ሙሉ "ማን ልበል?" ስል የኖርኩት ሴትዮ አፌን ከፈትኩ።

"ይነክሳል! ይነክሳችኋል! ኑ እስቲ፣ ቅረቡ! ጀግኖች! ለአንድ ውሻ መቶ ሆናችሁ! በቆማችሁበት ሰልፍ ሰው ሲቀድማችሁ አፋችሁ የሚተሳሰር፣ ለውሻ ጊዜ ወንድ የምትሆኑ! ከሱ የምትሻሉት በምንድን ነው? እሱ እንኳ ሲፈራ ማንንም አይወጋም!"

አብዮት ጥበቃ ይምጣ አይምጣ አላሰብኩም። አንዲት ባለ ቃሪያ፣ "አብዳለች ምስኪን" አለች። ያ ከስድቡ ሁሉ ባሰኝ።

አንበሳ የት ገባ ብዬ ስፈልግ ቀሚሴ ሥር ነው። ገመዱ ከእጄ ወጥቶ ነበር። መሸሽ ይችል ነበር።

አልሸሸም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 10

ከአልጋ ሥር አልወጣም። እኔም ቢሮ አልሄድኩም። ታማለች በሉልኝ ብዬ ላክሁ። እንግዲህ ከሁለታችን ማን ማንን ነው ሰው የሚያለምደው?

እሑድ፣ ሐምሌ 15

እንደገና አዲሱ ገበያ። ሆን ብዬ ዝናብ ሲወርድ። ዝናብ ሲወርድ የሰው አንገት ኮቱ ውስጥ ነው፣ የሚስቅበት ጊዜ የለውም።

ተንቀጠቀጠ፣ ግን ሄደ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ወዲያኛው ጫፍ። አንዴ ብቻ ቆመ፣ የቆርቆሮ ድምፅ ሲሰማ። ቆሜ ጠበቅሁት። ሰው ገፍቶን አለፈ፣ ጠበቅሁት። ከዚያ ራሱ ተነሣ። አንድ እግር... ሌላ እግር...

ከምንም ነገር እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። ጅል ነኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 20

ማሚቴ መጣች። ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሰው እንዳያያት ይመስለኛል በጓሮ በኩል። በነጠላዋ ጫፍ ጥቂት እንቁላል ቋጥራ። የፈለገችው ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ።

"ነገ ዊንጌት ትሄጃለሽ አይደል?"

"እሄዳለሁ።"

"እንደው... መቻልንም አብረሽ ብትወስጂልኝ። እኔ ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው። ደግሞ... አንቺ እንኳ ለምደሽዋል፣ ሰው ፊት ውሻ መጎተቱን። እኔን ምን ይሉኛል በዚህ ዕድሜዬ?"

ለምደሽዋል አለችኝ። ለምደሽዋል! ማን ነበረች ሰፈሩን ጠርታ ያሳየችኝ?

"እትዬ ማሚቴ፣" አልኳት ረጋ ብዬ፣ እንደ ስልክ፣ "እኔ የውሻ ሞግዚት ነኝ፣ ግን የራሴ ውሻ ብቻ። ነገ ደግሞ ማልደው ቢወጡ ሰው አያይዎትም።"

አየችኝ። እንቁላሉን ልትሰጠኝ እጇን ዘርግታ ነበር፣ መለሰችው።

በሩን ዘጋሁ። ደስ አለኝ። ለማን እዋሻለሁ... በጣም ደስ አለኝ። ሁለት ውሻ አንድ ሰው እንዴት ይችላል? መቻል ጥጃ የሚያህል ነው። ምክንያት አለኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 21

ሆነ። ተወጋ።

ሜዳው ሲታይ ጉድ ነው። ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ ውሻ ሁሉ ዛሬ ወጥቷል። ይናከሳሉ፣ ገመድ ይበጥሳሉ፣ ባለቤቶቻቸውን ይጎትታሉ። ያ ባለ ከረቫት ሰውዬም ነበር፣ ውሻው ሱሪውን ይዞት። ሳየው አላዘንኩም።

ስለሺ ድምፅ ማጉያ ይዟል። "ጓዶች! ሥርዓት! በሥርዓት!" እያለ እሱ ነው ውሾቹን የሚያሳብደው። ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ አንበሳ መሬት ላይ ተለጠፈ። አለቀልን አልኩ። ጎንበስ ብዬ ነጠላዬን ራሱ ላይ ጣልኩበት፣ ጆሮውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ። ሰው ያየኛል? ይየኝ።

ሐኪሙ ፊቱ የደከመው፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

"ይናከሳል?"

"አይናከስም።"

"ያዢው እንግዲህ።"

ያዝኩት። መርፌው ሲገባ አፍንጫውን ብብቴ ውስጥ ከተተ። ቆርቆሮው ታሰረለት። ሐኪሙ ጭንቅላቱን በጣቱ ነካ አድርጎ "ጎበዝ" አለው። ወይስ እኔን?

ማሚቴን ሜዳው ላይ አላየኋትም። ስመለስ ደጃፏ ላይ ነበረች። ቆርቆሮውን አየች። "እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝ። "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ገባሁ። መቻል ከአጥሯ ውስጥ ለሌላ ውሻ ሲጮህ ይሰማል። እሱ ሲጮህ ወንድ ነው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 7

እንዴት ልጻፈው።

ጠዋት መጡ። ስለሺና ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የተመረዘ ሥጋ ያለበት ባልዲ ይዟል። በየግቢው። የኔ በር ላይ ቆርቆሮውን አይተው አለፉ። አንበሳ አልጋ ሥር ነበር፣ የተንቀጠቀጠው አልጋው ነው።

ከዚያ ማሚቴ ጋ። በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉን አየሁ። ለምን አየሁ? መስኮት ዘግቼ መቀመጥ እችል ነበር።

ሥጋውን ወረወሩለት። መቻል አልበላም። ልጁ ከማያውቀው ሰው እንዳይበላ አድርጎ ነው ያሳደገው። ጠጋ ሲሉት ጥርሱን አሳየ። ባለ ባልዲው ወደ ኋላ አለ። ስለሺ አሰበ፣ አሰበና...

"እማማ፣ እርስዎ ይስጡት። ከእርስዎ እጅ ይበላል። አለዚያ በዱላ ነው፣ ይሰቃያል።"

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ለሰፈሩ ሁሉ የሚተርፍ አፍ አላት እኮ! "እምቢ" ትላለች፣ "ሂዱ ከደጄ" ትላለች... ቁጭ አለች። ፍልሰታ ነው፣ ሥጋ አትነካም፣ እጇን በነጠላዋ ሸፍና ሥጋውን ያዘች።

"ና መቻልዬ። ና የኔ ልጅ።"

ጅራቱን እየቆላ መጣ።

ከእጇ በላ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ቢሮ። ስልኩ ይጮሃል፣ "ሃሎ" እላለሁ፣ የሚሉኝን አልሰማም።

ሰፈሩ ምን እንደሚል ሰማሁ። "ለውሻ ታለቅሳለች አሉ።" "ልጇ ግንባር እያለ ለውሻ!" እነዚሁ ናቸው የሚጾሙት። እነዚሁ ናቸው ነገ ሰው ሲሞት ደረት የሚመቱት። ስለሺንማ ምን ልበለው... አጥር አስቀብቷል፣ ቀይ፣ ቀለሙ ከዝናቡ ጋር እየወረደ ነው።

እነሱን ንቄ ስጨርስ ግን የሚቀረው ማን ነው? ከሜዳው ስመለስ እጄ ላይ አንድ ገመድ ብቻ ነበር። ሌላኛው እጄ ባዶ ነበር።

ዓርብ፣ ነሐሴ 11

ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። ምን ይዤ እንደምሄድ ጠፋኝ። ለቅሶ አይደል፣ ጥየቃ አይደል። ለዚህ የሚሆን ቃል የለንም። "ነፍስ ይማር" ለውሻ አይባል።

ማሚቴ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ውጪ አላለችኝም፣ ተቀመጪም። ተቀመጥኩ።



"መዝገቡ ሲመለስ መቻል የት አለ ይለኛል፣" አለች። "ምን ልለው? እኔ ነኝ ያበላሁት ልበለው?"

"እትዬ ማሚቴ... ልወስደው እችል ነበር።"

"አዎ።"

አዎ አለች። ኧረ ምንም አይደል አላለችም። ይሉኝታ አልያዛትም። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርኳት።

"እኔም ጥሩ አድርጌ አልያዝኩሽም፣" አለች። "ሰው ፊት አዋርጄሻለሁ። ሰው ምን ይለኛል ስል... ይኸው ሰው ያለኝን አለኝ።"

ልወጣ ስል፣ "ያ ፈሪ ምን እየበላ ነው?" አለችኝ።

"ዳቦ።"

"ዳቦ ብቻ? ሞኝ ነሽ። ጥርኝ ሽሮ በውኃ በጥብጪለት።"

ደደብ ናት፣ ወሬኛ ናት። ሽሮውን ሠራሁለት። ላሰው።

እሑድ፣ ጳጉሜን 4

ከተማው ሁሉ ቀይ ነው። በየአደባባዩ ቅስት ተተክሏል፣ ባንዲራ፣ መዶሻ፣ አምፖል። መብራት በሳምንት ሁለቴ የሚጠፋበት ሰፈር መሀል አምፖል ሲሰቅሉ ዋሉ። ስለሺ አዲስ ካኪ አሰፍቷል። ሰው ሁሉ ለእንቁጣጣሽ ሽንኩርት ፍለጋ ወጥቷል።

ማሚቴ ጠዋት መጣች። በፊት ለፊት በር።

"አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"እሱንም አምጪው። ቤት ውስጥ ሊሻግት ነው እንዴ?"

በር ላይ ገመዱን ከእጄ ወሰደች። ሳትጠይቀኝ። መቀማት ነው እንጂ መውሰድ አይባልም። አንበሳ አያት፣ እኔን አየ፣ ሄደ። ጉልበቷን እያሻሸች ቀስ ብላ ስለምትሄድ ይመስለኛል፣ ከእኔ ጋር ከሚሄደው ይሻል ነበር። መታጠፊያው ላይ አንዱ፣ "ሁለት ሆኑ ደግሞ!" አለ። ማሚቴ ዞር ብላ፣ "ሦስት ነን፣ ቁጠር!" አለችው።

አዲሱ ገበያ ከመቼውም በላይ ሞልቷል። መሀሉ ላይ ስንደርስ ጆንያ የተሸከመ ሰው መጣ። ጎንበስ ብሎ፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ። "ዞር! ዞር በሉ!" አንበሳ ተለጠፈ። ሆዱ መሬት፣ ዓይኑ ጭፍን። ዙሪያችን ያለው ሰው ቆሞ ማየት ጀመረ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፣ ሊስቅ ሲል የሚያመጣውን።

አፌን ከፈትኩ። የምለው ሁሉ ተዘጋጅቷል። ከሐምሌ ጀምሮ ስስለው የነበረ ነው።

ማሚቴ ቀደመችኝ።

"ወንድሜ፣" አለችው ባለ ጆንያውን፣ "እስቲ በዚያ በኩል እለፍለት። ይፈራል።"

ሰውዬው ከጆንያው ሥር አንገቱን አጣምሞ ወደ ታች አየ።

"ይፈራል?"

"አዎ። ሰው መትቶት ነው።"

"እ... በሉ እሺ፣" አለ። ያንን ሁሉ ሸክም ተሸክሞ ዞረ። አንዲት ባለ ቃሪያ መደቧን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ከኋላዋ ያለው ሰው ልጁን በትከሻው ያዘው። "እለፉ፣ እለፉ" አሉ። ትንሽ መንገድ ተከፈተ፣ ለአንድ ውሻ የምትበቃ።

አንበሳ ዓይኑን ገለጠ። ተነሣ። አለፈ።

እኔ ከኋላቸው ቀረሁ፣ ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ውስጥ እንደሞላ። ለማን ልበለው?